ድንጋዩ ምን ሥራ ነበረው?

ለትምህርት ወደ ደንዲ የመጣች ወጣት የስኮትላንድን ምሥራቃዊ የባሕር ዳርቻ ከተሞች በየተራ ለማየት አስባለች። ከመነሣቷ በፊት በዚያው ዳርቻ ብዙ ዘመን የኖሩ አንድ ጡረተኛ የታሪክ መምህር ዘንድ ጎራ አለች። ቡና ተፈልቶ የተጨዋወቱት እነሆ።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ የፊታችን ቅዳሜ ልጀምር ነው። ሴንት አንድሩስ፣ አርብሮዝ፣ ስቶንሄቨን ብዬ ጽፌያለሁ። ግን ፎቶዎቹን ሳያቸው ልቤ ቀዘቀዘ። ጣሪያ የሌለው ቤተ ክርስቲያን፣ ግማሹ የተናደ ግንብ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ የተናደ ግንብ። ሁለቱን ካየሁ ሦስተኛው ምን አዲስ ነገር ይኖረዋል?

አዛውንቱ፦ ፍርስራሽ ለማየት ብቻ ከሆነ ምንም የለውም፤ ብርድ ታቅፈሽ ትመለሻለሽ። እኔ ተማሪዎቼን ወደዚያ ስወስድ አንድ ጥያቄ አስይዤ ነበር የማስገባቸው። ይህ ድንጋይ ሲቆም ሥራው ምን ነበር? ያ ሥራ ሲያበቃስ ሌላ ሥራ የሰጠው ማን ነው? በዚህ ዳርቻ ለጌጥ ብቻ የቆመ ነገር ጥቂት ነው። ነፋሱና ጨዋማው አየር ድንጋይ ይበላል፤ በየጊዜው የሚጠግነው ሰው የሌለው ቤት አይቆይም። ሰው ደግሞ የሚጠግነው የሚፈልገውን ነው።

ወጣቷ፦ እንግዲያው በዝርዝሬ ቅደም ተከተል እንሂድ። ሴንት አንድሩስ?

አዛውንቱ፦ ካቴድራሉን ለመጨረስ መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ፈጅቷል። በ1318 ንጉሥ ሮበርት ብሩስ ባለበት ተባረከ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ። በስኮትላንድ ምድር ከታነጹት አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ትልቁ እሱ ነበር። የሐዋርያው እንድርያስ ዐፅም አለበት ስለተባለ ተሳላሚው ከሩቅ ይመጣ ነበር። በ1559 የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪው ጆን ኖክስ በከተማው ሰበከ፤ ሕዝቡም ገብቶ መሠዊያውንና ሥዕላቱን አወጣ። ሕንጻው በዚያ ቀን አልፈረሰም፤ ሥራውን ነው ያጣው። ተሳላሚ ቀረ፣ ጠጋኝ ቀረ፣ ጣሪያው ሄደ። ከዚያ በኋላ የከተማው ሰው ለቤቱና ለአጥሩ ድንጋይ የሚያወጣበት ካባ ሆነ። የዛሬዋን ከተማ አሮጌ ግድግዳዎች ቀረብ ብለሽ ብታይ፣ ከተራው ድንጋይ መካከል በጥንቃቄ የተጠረበ የቤተ ክርስቲያን ድንጋይ አልፎ አልፎ ታገኛለሽ።

ወጣቷ፦ ያሳዝናል። የራሳቸውን ቅርስ አፈረሱ ማለት አይደለም?

አዛውንቱ፦ ለመፍረድ አትቸኩዪ። ለዚያ ሰው ቅርስ የሚባል ነገር አልነበረም፤ በእጁ ያለው ልጆቹን የሚያስጠልልበት ቤት መሥራት ነበር። መንግሥት ፍርስራሹን በጥበቃው ሥር ያደረገው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ይልቅ ካቴድራሉን አይተሽ ከጨረስሽ ወደ ግንቡ ውረጂ። ከላይ የቀረው ጥቂት ነው፤ ዋናው ነገር ከመሬት በታች ነው።

ወጣቷ፦ እስር ቤቱን ማለትዎ ነው?

አዛውንቱ፦ እሱም አለ፤ ከዓለት የተፈለፈለ፣ አፉ ጠባብ ሆዱ ሰፊ ጉድጓድ ነው። እኔ የምልሽ ግን የጦርነቱን ዋሻ ነው። በ1546 መጋቢት ላይ ጆርጅ ዊሻርት የተባለ ሰባኪ ከግንቡ ፊት ለፊት በእሳት ተቃጠለ። በግንቦት ወዳጆቹ ግንበኛ መስለው ገቡና እሱን ያስቃጠለውን ካርዲናል ቢተንን ገደሉ፤ ግንቡንም ያዙ። የመንግሥት ጦር መጥቶ ከበበ። በመድፍ ሳይሆንለት ሲቀር ከውጭ ጀምሮ ወደ ግንቡ ሥር ዋሻ መቆፈር ጀመረ። የግንቡ ሰዎች ሰሙ። የሰሙት ድምፅ ብቻ ስለነበር ከየት እንደሚመጣ አያውቁም፤ እዚህ ቆፍረው ይተዋሉ፣ እዚያ ቆፍረው ይተዋሉ። በመጨረሻ አንዱ ቁፋሮ ተሳካላቸውና ከጠላት ዋሻ ጋር ገጠሙ። ዛሬ ጎንበስ ብለሽ ትገቢበታለሽ። የግንቡ ሰዎች የቆፈሩት ጠባብና ጠማማ ነው፤ በፍርሃትና በችኮላ እንደተቆፈረ ግድግዳው ራሱ ይናገራል። ድንገት ግን ወደ ከበባው ጦር ዋሻ ስትገቢ ቀና ብለሽ ትቆሚያለሽ፤ ሰፊና ረጅም ነው፣ ጊዜና ሰው የነበረው ወገን የቆፈረው ነው። የሁለቱን ወገን አቅም በገዛ ጀርባሽ የምትለኪበት ሌላ ቦታ አላውቅም። ከበባው ያበቃው በ1547 የፈረንሳይ መርከቦች መጥተው ግንቡን ሲደበድቡ ነው። ጆን ኖክስም ያን ጊዜ ውስጥ ስለነበር ተይዞ በፈረንሳይ መርከብ ላይ ቀዛፊ ባሪያ ሆነ።

ወጣቷ፦ አርብሮዝስ? እዚያ ገዳም እንዳለ አንብቤያለሁ።

አዛውንቱ፦ አለ። አርብሮዝ ላይ ረጅም ጊዜ ስጪ፤ ቀኑን ሙሉ ስጪው። ገዳሙን በ1178 የተከለው ንጉሥ ዊልያም ነው፤ አንበሳው ይሉታል። ሲሞትም እዚያው ተቀበረ። በ1320 የስኮትላንድ መኳንንት ነፃነታቸውን እንዲያውቅላቸው ለሮማው ጳጳስ ለዮሐንስ 22ኛ የላኩት ዝነኛ ደብዳቤ የዚህን ገዳም ስምና ቀን ይዟል። ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ስለሆነ ፀሐይ ስትወጣበት እንደ ፍም ይቀላል፤ ግን ለስላሳ ነው፣ ነፋስ ይልሰዋል። አሁን አሁን በእንዲህ ያሉ ቦታዎች ከላይ ያለው ድንጋይ እስኪፈተሽ አንዳንዱ ጥግ በአጥር ሊዘጋ ይችላል፤ ካጋጠመሽ አትቆጪ።

ደቡቡን ግድግዳ ቀና ብለሽ እዪ። አናቱ ላይ ትልቅ ክብ መስኮት አለ፤ የከተማው ሰው ራውንድ ኦ ይለዋል። ሌሊት እዚያ መብራት ይበራ ነበር፤ ባሕር ላይ ያለው ሰው ያንን አይቶ ቤቱ የት እንዳለ ያውቃል። የጸሎት ቤት መስኮት ለመርከበኛ ምልክት ሆኖ አገለገለ። ከገዳሙ ፊት ለፊት፣ ከዳርቻው 18 ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ ባሕሩ ሲሞላ ሙሉ በሙሉ የሚሰወር አንድ ዓለት አለ። ከገዳሙ አበ ምኔቶች አንዱ መርከበኞችን እንዲያስጠነቅቅ በዓለቱ ላይ ደወል አሰረ፣ አንድ የባሕር ወንበዴ ሰረቀው፣ በኋላም ወንበዴው ራሱ እዚያው ዓለት ላይ መርከቡ ተሰብሮ ቀረ ይላሉ። ይህ አፈ ታሪክ ነው። ዓለቱ ግን ቤል ሮክ፣ የደወል ዓለት፣ የሚለውን ስም እንደያዘ አለ።

ወጣቷ፦ እዚያ ላይ የመብራት ማማ ተሠርቷል አይደል?

አዛውንቱ፦ እሱን ልነግርሽ ነው የቸኮልኩት። ዓለቱ የሚገለጠው ባሕሩ ሲሸሽ ለጥቂት ሰዓት ነው። ሲሞላ ከሦስት ሜትር በላይ ውሃ ይሸፍነዋል። እንግዲህ እዚያ ላይ ማማ ሥሩ ሲባል ብዙ ሰው የማይሆን ነገር ነው አለ። በ1804 ጥር ወር ዮርክ የሚባል የጦር መርከብ ከነ491 ሰዎቹ ሲጠፋ ወሬው ተለወጠ፤ ቤል ሮክ ላይ እንደተሰበረ ይታመናል። ከሁለት ዓመት በኋላ ፓርላማው ፈቀደ። የበላይ መሐንዲስ ሆኖ የተሾመው ጆን ሬኒ ሲሆን ከሠራተኛው ጋር ዓለቱ ላይ እየዋለ ያሠራው ሮበርት ስቲቨንሰን ነው፤ የደራሲው የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን አያት። ሥራው በ1807 ነሐሴ ተጀመረ።

ወጣቷ፦ በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ እየሠሩ?

አዛውንቱ፦ ባሕሩ እንደፈቀደላቸው። መጀመሪያ አጠገቡ በታሰረ መርከብ ላይ ነው የሚያድሩት፤ ሌሊቱን ሲንገዋለሉ አድረው ጠዋት ዓለቱ ላይ ይወርዳሉ። የመቆፈሪያው ጫፍ በዓለቱ ጥንካሬ ቶሎ ቶሎ ስለሚዶለዱም ቀጥቃጩ ወናፉን እዚያው ዓለቱ ላይ ተክሎ ይስላል። ውሃው እየመጣ ጉልበቱ ላይ ሲደርስም ቀጥቃጩ ይሠራል፤ እሳቱን ውሃ ሲያጠፋበት ያን ጊዜ ሁሉም መሣሪያውን ይሰበስባል። አንድ ቀን ምን እንደሆነ ልንገርሽ። መስከረም 1807 ነው። ዓለቱ ላይ 32 ሰዎች አሉ። ስሚተን የምትባለው መርከባቸው ገመዷ ተፈታና ነፋስ እየገፋ ወሰዳት። ሠራተኞቹ ጎንበስ ብለው ድንጋይ እየፈለጡ ስለሆነ አላዩም፤ ያዩት ስቲቨንሰንና ሰዎቹን ወደ ዓለቱ የሚያወርደው የጀልባ አለቃ ናቸው። የቀሩት ጀልባዎች ሁለት ናቸው፤ በዚያ ነፋስ አንዷ ስምንት ሰው ብትይዝ ነው። ማስላቱ ቀላል ነው፤ ግማሹ ሰው ቦታ የለውም። ባሕሩ እየሞላ ነው።

ወጣቷ፦ ሲያውቁ ምን አደረጉ?

አዛውንቱ፦ የቀጥቃጩ እሳት ሲጠፋ ሁሉም ወደ ጀልባው ሄዱ፤ በሦስቱ ፈንታ ሁለት ብቻ አገኙ። አንድም ሰው ድምፅ አላሰማም። ሁሉም ስቲቨንሰንን ያየዋል። እሱ ሊናገር አፉን ሲከፍት ምላሱ ደርቆ ቃል አልወጣም። ጎንበስ ብሎ ከዓለቱ ስንጥቅ የባሕር ውሃ ጠጣ፤ ቀና ሲል አንዱ "ጀልባ! ጀልባ!" ብሎ ጮኸ። ከአርብሮዝ ደብዳቤ ይዛ የመጣች የወደብ ጀልባ ነበረች። ይህን ሁሉ ስቲቨንሰን ራሱ በ1824 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፎታል፤ አፉ መድረቁንም አልሸሸገም። መሪ ሲባል የሚነገረው ብዙውን ጊዜ ጀግንነቱ ነው፤ እኔ ግን ይህን ሰው ያከበርኩት እንደሌላው ሰው መፍራቱን በራሱ ብዕር በማስፈሩ ነው።

ወጣቷ፦ ማማው ራሱ እንዴት ነው ማዕበሉን የቻለው?

አዛውንቱ፦ በድንጋይ አጠራረቡ። ከ2,500 በላይ ድንጋዮች አሉት። እያንዳንዱ ድንጋይ ጎኑ ላይ ጥርስና ጎድጓዳ ተደርጎ ከጎረቤቱ ጋር ይቆላለፋል፤ አንዱን ብቻውን ልንቀል ብትዪ አይነቀልም። አርብሮዝ ወደብ አጠገብ በነበረው ግቢ እያንዳንዱ ዙር መጀመሪያ መሬት ላይ ይደረደራል፣ መግጠሙ ይታያል፣ ቁጥር ይጻፍበታል፤ ከዚያ ነው በጀልባ የሚሄደው። ሥሩ ሰፋ ብሎ ወደ ላይ እየቀጠነ 35 ሜትር ያህል ይወጣል፤ ማዕበሉ ይንሸራተትበታል እንጂ ፊት ለፊት አይገጭም። ከ1811 የካቲት 1 ቀን ጀምሮ ይበራል። በዓለም ላይ ማዕበል ከሚመታቸው የመብራት ማማዎች እስከ ዛሬ የቆመ የመጀመሪያው እሱ ነው። በ1988 መብራቱ በራሱ እንዲሠራ ሲደረግ የመጨረሻዎቹ ጠባቂዎች ወጡ።

ወጣቷ፦ ጠባቂዎቹ ከቤተሰባቸው ጋር እንዴት ይገናኙ ነበር? ስልክ የለ።

አዛውንቱ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም አርብሮዝ ወደብ ላይ ቆሞ ይጠብቅሻል። በ1813 የምልክት ማማ የሚባል ነጭ ሕንጻ ተሠራ፤ የጠባቂዎቹ ቤተሰብ ይኖርበት የነበረው ግቢ ነው። ዓለቱ ላይ ያሉት በየጠዋቱ ደህና ነን ለማለት ኳስ ወደ ላይ ይሰቅላሉ፤ ከዚህኛው ማማ በመነጽር ታይቶ መልስ ይሰቀላል። ኳሱ ካልወጣ አንድ ነገር ሆነዋል ማለት ነው። የጠባቂው ሚስት ስትወልድ ደግሞ፣ ወንድ ከሆነ ሱሪ፣ ሴት ከሆነች ጉርድ ቀሚስ ይሰቀል ነበር ይባላል። ዛሬ ሙዚየም ነው። ከማማው ይልቅ እዚህች ግቢ የቆሙት ሴቶች ናቸው ሁልጊዜ የሚታወሱኝ። ያ ሰው ዓለቱ ላይ መብራት የሚጠብቀው እነሱ እዚህ ቤቱን ስለሚጠብቁለት ነው።

ወጣቷ፦ አርብሮዝ ላይ ሌላ የሚታይ አለ?

አዛውንቱ፦ የሚበላ አለ። ሀዶክ የሚባለውን ዓሣ ጥንድ ጥንዱን በጅራታቸው ያስሩና በዱላ ላይ ያንጠለጥሉታል። ከሥሩ የጠንካራ እንጨት እሳት ይነድዳል፤ ከላይ በእርጥብ ጆንያ ይሸፍኑታል። አርብሮዝ ስሞኪ ይባላል። ከ2004 ጀምሮ ከከተማዋ 8 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ውጭ የተሠራ በዚህ ስም እንዳይሸጥ በሕግ ተጠብቋል። ሙያው የመጣው ኦክሚዚ ከምትባል ከአጠገቧ ካለች መንደር ነው። ኦክሚዚ ወደብ ስላልነበራት ሴቶቹ ባሎቻቸው እግራቸው ርሶ ባሕር ላይ በብርድ እንዳይጎዱ በጀርባቸው አዝለው እስከ ጀልባው ያደርሷቸው ነበር። ግንብና ካቴድራል ብቻ ቅርስ የሚመስለው ሰው ይህን መንደር ሳያይ ያልፋል። አንቺ እንዳታልፊው።

ወጣቷ፦ ገዳሙ ላይ የተገኘው የንግሥና ድንጋይስ? አንድ ቦታ አይቼ ነበር።

አዛውንቱ፦ አዎ፣ ልረሳው ነበር። የስኮትላንድ ነገሥታት የሚነግሡበትን ድንጋይ የእንግሊዙ ቀዳማዊ ኤድዋርድ በ1296 ወስዶ ዌስትሚኒስተር አኖረው። በ1950 የገና ሌሊት አራት የስኮትላንድ ተማሪዎች ሰርቀው አወጡት። ፖሊስ አገር ሲያስስ ከርሞ በ1951 ሚያዝያ አርብሮዝ ገዳም ውስጥ፣ መሠዊያው የነበረበት ቦታ ላይ ተገኘ። ወደ ለንደን ተመለሰ። በ1996 ግን መንግሥት ራሱ ለስኮትላንድ መለሰው፤ አሁን ፐርዝ ሙዚየም ነው።

ወጣቷ፦ ስለ መመለስ ሲያነሡ የእኛው መቅደላ ነው ትዝ የሚለኝ።

አዛውንቱ፦ እዚሁ አገር የሚነካ ነገር አለና ልንገርሽ። በ1868 ከመቅደላ ከተወሰዱት ታቦታት አንዱ ኤድንብራ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ሲኖር ኖሮ በ2001 ተገኘ። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ምን እንደሆነ ሲያውቁ ይመለስ አሉ። በሚቀጥለው ዓመት አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ ወጥቶ በእልልታ ተቀበለው። ፍርድ ቤት አልሄዱም፣ መቶ ዓመት አልተከራከሩም። የሰረቀው ትውልድ ሌላ፣ የመለሰው ትውልድ ሌላ ነው። የንግሥና ድንጋዩም እንደዚያው፤ በ2023 ንጉሥ ቻርልስ ሲነግሥ ለንደን ደርሶ ተመልሷል። ሥራውን አልተወም።

ወጣቷ፦ እሺ፣ ስቶንሄቨን ደረስን። የደኖተር ግንብ ፎቶው ራሱ ያስፈራል።

አዛውንቱ፦ ደኖተር አምባ ነው። በሦስት በኩል ባሕር፣ ገደሉ 50 ሜትር ያህል፤ የሚወጣው በአንዲት ጠባብ መንገድ ነው። ሰው ሁሉ ፎቶ የሚያነሣው እሱን ነው። እኔ ግን ከዚያ ወደ ደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄደሽ ኪኔፍ የምትባል ቦታ ያለችውን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ባታዪ አዝናለሁ።

ወጣቷ፦ ምን አለ እዚያ?

አዛውንቱ፦ በ1651 የእንግሊዝን ንጉሥ ያስወገደው የክሮምዌል ጦር ስኮትላንድን ያዘ። የስኮትላንድ ዘውድ፣ በትረ መንግሥትና ሰይፍ ደኖተር ውስጥ ነበሩ። ክሮምዌል የእንግሊዝን ዘውድ አስቀልጦታል፤ ይህንንም ካገኘ እጣው ያው ነው። ስምንት ወር ያህል ተከበቡ። ምግብ እያለቀ ሲመጣ ዕቃውን ለማውጣት መላ ተፈለገ። የኪኔፉ ቄስ የጄምስ ግሬንጀር ሚስት፣ ክርስቲያን የምትባለው፣ ነበረች መላው። አንዱ ትረካ የግንቡን አዛዥ ሚስት ለመጠየቅ ገብታ ዘውዱን ቀሚሷ ሥር ይዛ በጠላት ጦር መካከል አለፈች ይላል። ሌላው ደግሞ ከግንቡ በገመድ ወደ ባሕሩ ዳር ወረደላትና አገልጋይዋ የባሕር ሣር የምትለቅም መስላ በቅርጫት ወሰደችው ይላል። በየትኛውም መንገድ ይሁን፣ ዕቃው ኪኔፍ ደረሰ፤ ባልና ሚስቱም ቤተ ክርስቲያኗ ወለል ሥር ቀበሩት።

ወጣቷ፦ ግንቡ ሲያዝ አልተጠየቁም?

አዛውንቱ፦ ግንቡ በ1652 ግንቦት እጁን ሲሰጥ ጠላት ፈልጎ አጣው። የግንቡ አዛዥና ሚስቱ ታሰሩ፤ አልተናገሩም። አሁን የምልሽን ልብ በዪ። ቄሱና ሚስቱ በየሦስት ወሩ ሌሊት ወለሉን ቆፍረው ያወጡት ነበር። እርጥበት እንዳያበላሸው በእሳት ዳር ያደርቁትና ይወለውሉታል፤ መልሰው ይቀብሩታል። ስምንት ዓመት! አንድ ጊዜ ደፍሮ መሸከም አለ፤ በየሦስት ወሩ ያንኑ አደጋ መድገም ደግሞ ሌላ ነው። የንጉሥ አገዛዝ በ1660 ሲመለስ ዕቃው ሙሉ ነበር። ዛሬ ኤድንብራ ግንብ ላይ በመስታወት ውስጥ ታዪዋለሽ፤ በ1707 ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ተረስቶ በ1818 ደራሲው ዋልተር ስኮት ባለበት ነው የተከፈተው። የኪኔፍ ቤተ ክርስቲያን ሕንጻ በ1738 እንደገና የተሠራ ነው፤ ቦታው ግን ያው ነው።

ወጣቷ፦ ደኖተርስ በኋላ ምን ሆነ?

አዛውንቱ፦ በ1685 ለእምነታቸው የታሰሩ 167 ወንዶችና ሴቶች በአንድ ምድር ቤት ታጎሩበት። ያን ክፍል ስትገቢ ስፋቱን በዓይንሽ ለኪና ቁጥሩን አስቢ። ባለቤቱ በ1715 በንጉሡ ላይ በተነሣው አመፅ ስለተሳተፈ ንብረቱን ተነጠቀ፤ የገዛው ኩባንያ የሚሸጠውን ሁሉ አውልቆ ሸጠ። እንደገና መጠገን የጀመረው በ1925 ነው።

ወጣቷ፦ ከስቶንሄቨን ወደ ሰሜን ብቀጥል ፍሬዘርበራ በሚባል ከተማ ኪናይርድ የሚባል ቦታ እንዳለ አይቻለሁ። የአባይን ምንጭ ፍለጋ ጎንደር የመጣው የጄምስ ብሩስ አገር ነው?

አዛውንቱ፦ አይደለም፤ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። የብሩስ ኪናይርድ ከባሕሩ ገባ ብሎ ፎልከርክ አጠገብ ነው። ፍሬዘርበራ ያለው ወደ ባሕሩ የገባ የምድር አፍንጫ ነው። እሱም ደግሞ መጀመሪያ ላነሣሁት ጥያቄ ጥሩ መልስ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፍሬዘር የሚባሉ ባላባቶች ግንብ ሠሩ። በ1787 የስኮትላንድ የመብራት ማማዎች ቦርድ የመጀመሪያውን መብራቱን ሲያቆም አዲስ አልገነባም፤ የግንቡ አናት ላይ አኖረው። በዓሣ ነባሪ ዘይት የሚነድዱ 17 ፋኖሶች ነበሩ። በኋላ የማማው ግንብ በግንቡ ሆድ አልፎ ወጣ። መብራቱን ሌላ ሲተካው ሙዚየም ሆነ። ሦስት ሥራ በአንድ ቤት። የባላባቱ ግንብ እስከ ዛሬ የቆመው መብራት ስላዘለ ነው።

ወጣቷ፦ ተራው ሰው የሚኖርባቸው ቤቶችስ? ሁሉ ንጉሥና መሐንዲስ ሆነብኝ።

አዛውንቱ፦ ያንን ፋይፍ ውስጥ ታገኛለሽ፤ ክሬል፣ ፒተንዊም፣ አንስትራዘር። ዓሣ አጥማጅና ነጋዴ የሠራቸው ናቸው፤ የጣሪያቸው ጫፍ ደረጃ ደረጃ ያለው፣ ክዳናቸው ቀይ ሸክላ። ከሰልና ጨው ወደ ሆላንድ የወሰዱ መርከቦች ሲመለሱ ባዶአቸውን እንዳይንገዋለሉ ለክብደት ሸክላ ይጭኑ ነበር ይባላል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እነዚህ ቤቶች ሊፈርሱ ደርሰው ነበር። በ1960 ናሽናል ትረስት ፎር ስኮትላንድ አንድ ዘዴ አመጣ። የተጎዳ ቤት ይገዛል፣ ይጠግናል፣ መልኩ እንዳይለወጥ በውል አስሮ ለሚኖርበት ሰው ይሸጣል፤ በተገኘው ገንዘብ ቀጣዩን ይገዛል። ሙዚየም አላደረጋቸውም። ልብስ ተሰጥቶባቸው፣ ልጅ ሲያለቅስባቸው ታያለሽ። ከሁሉ የምወደው የቅርስ ሥራ ይህ ነው፤ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ስለሆነ አይደለም፣ ሰው ስላልወጣበት ነው።

ወጣቷ፦ ወደ ደቡብ ጫፍ ብወርድስ?

አዛውንቱ፦ አይማውዝ። በ1881 ጥቅምት 14 ቀን ባሕሩ ጸጥ ብሎ ሳለ ጀልባዎቹ ወጡ፤ ቀትር ላይ ነፋሱ ድንገት ተነሣ። በዳርቻው 189 ዓሣ አጥማጆች ሞቱ፤ 129ኙ የአይማውዝ ልጆች ናቸው። ከእነሱ ብዙዎቹ ወደቡ አፍ ላይ ደርሰው፣ ሚስቶቻቸው ቆመው እያዩ ነው የሰመጡት። ወደቡ ዳር የሴቶቹና የልጆቹ የነሐስ ሐውልት አለ። ማዶውን ደግሞ ገንስግሪን የሚባል ያማረ ቤት ታያለሽ፤ የሻይ ኮንትሮባንድ ነጋዴ ያሠራው ነው፣ ግድግዳው ውስጥ ሻይ የሚደበቅበት ቦታ ሳይቀር ተሠርቶለታል። ስለ አይማውዝ ከዚህ በላይ አልነግርሽም፤ ሄደሽ ስሞቹን አንብቢ።

ወጣቷ፦ እንግዲህ ዝርዝሬ ተበላሸ፤ አንድ ቅዳሜ አይበቃም። አንድ ቦታ ብቻ ይምረጡልኝ ብልዎትስ?

አዛውንቱ፦ አየሩ ደግ ከሆነ ከአንስትራዘር በጀልባ ወደ ሜይ ደሴት ሂጂ። በ1636 የተሠራ የመብራት ማማ አለ፤ በስኮትላንድ በቋሚነት ሰው ተመድቦለት የሚበራ የመጀመሪያው ነው። ዘይት አልነበረውም፤ አናቱ ላይ ከሰል ነበር የሚነድደው፣ በዓመት 400 ቶን ያህል፤ ሁሉንም በሰው ጉልበት ወደ ላይ ያወጡታል። በ1791 ጠባቂው፣ ሚስቱና አምስት ልጆቻቸው በአመዱ ጭስ ታፍነው ሞቱ፤ የተረፈችው ሕፃኗ ብቻ ናት። ስቲቨንሰን በ1816 አዲሱን መብራት ሲሠራ አሮጌው ሊፈርስ ነበር፤ ዋልተር ስኮት ቢያንስ ታቹ ይቅር ብሎ ለመነ። ያ የቀረው ክፍል ነው የምታዪው፤ አንድ ፎቅ ብቻ ነው፣ ሦስት እርምጃ ታልፊው ይሆናል። ቆም በዪና በሩ ላይ የተቀረጸውን ፀሐይና ዓመተ ምሕረቱን እዪ።

ወጣቷ፦ ጀልባው ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?

አዛውንቱ፦ በየቀኑ ይለያያል። የአንስትራዘር ወደብ ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃ ይሆናል፤ ጀልባው የሚወጣው ውሃ ሲሞላ ነው። ዛሬ ማታ የባሕሩን የሰዓት ሰሌዳ እዪ፤ ወፍራም ሹራብና ነፋስ የማያስገባ ካፖርት ያዢ፤ ከሚያዝያ እስከ መስከረም ካልሆነ ደግሞ አትድከሚ፣ ጀልባ የለም።